ጎረቤት ያልተጠራበት ቡና

በሰፈራችን «ይሉኝታ ቢስ ናት» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሰው ቤት ገብቼ የማልፈልገው ነገር ከቀረበልኝ «በሞቴ» ቢሉኝም «አፈር ስሆን» ቢሉኝም አልቀምስም። ጉርሻ ሲዘረጋልኝ እጁን ይዤ ወደ ሳህኑ እመልሳለሁ። ልጄ ያገባች ጊዜ አማቶቿ ቤት ተጠርቼ «ጥሬ ሥጋ አልበላም» ብዬ ቤቱን በሙሉ ጭጭ አሰኝቼዋለሁ፤ ልጄ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። «እማዬ፣ አንድ ቁራጭ ብትጎርሺ ምን ነበረበት?» ትለኛለች። መልሱ ረጅም ስለሆነ ነገሩን አድበስብሼ አልፋለሁ። እስቲ ዛሬ ለእናንተ ከሥሩ ላውራችሁ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ አቃቂ ነው። ያኔ አቃቂ ማለት ባቡሩና ፋብሪካዎቹ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት ሁሉ፣ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ሜዳ ነው። አባቴ መኩሪያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቦይለር ክፍል ይሠራ ነበር፤ ለማቅለሚያው ክፍል የሚሄደውን እንፋሎት የሚያፈላው እሱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ እሳት ፊት ቆሞ ኖረ ማለት ይቻላል። እኔ ደግሞ እናቴ ስትሞት ትምህርቴን አቋርጬ እዚያው ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ቀለም የሚለካባቸውንና የሚቀመምባቸውን ብርጭቆዎች አጥብ ነበር። ሲጠሩኝ አቤት፣ ሲልኩኝ ወዴት የምል፣ ሰው ዓይን የማላይ ልጅ ነበርኩ። የዛሬዋን ጥሩነሽ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል።

አባዬ ቡና ይወድ ነበር። «መኩሪያ ቡና ካልጠጣ ቦይለሩም አይሞቅም» እያሉ ይቀልዱበታል። ግን ብቻውን አንድም ቀን ጠጥቶ አያውቅም። «ቡና ብቻውን የሚጠጣ ሰው ከአገር ጋር ተጣልቷል ማለት ነው» ይል ነበር። አንድ ጊዜ ለክብረ በዓል ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ቡናው ሲፈላ የሚጠራ ሰው ጠፋ። አባዬ በር ላይ ቆመና የሚያልፈውን ከሰል ነጋዴ ከነአህያው አስቁሞ አስገባው። ሰውዬው እየፈራ ሁለት ሲኒ ጠጣ፤ አህያው ደግሞ ደጃፋችን ላይ የተከልኩትን ጎመን በላው። አባዬ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

ሕመሙ የጀመረው በድምፁ ነው። መጀመሪያ ጎረነነ፣ ከዚያ ወደ ሹክሹክታ ወረደ፣ ከዚያ ምግብ አልወርድ አለው። እንጀራው ቀርቶ ትኩስ ነገር በአፉ ሲያልፍ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ወሰድኩት። ፈረንጁ ሐኪም ጉሮሮውን በመብራት አየና ለድሬሰሩ የሆነ ነገር ነገረው። ድሬሰሩ እኔን ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ።

«አባትሽ ነው?»

«አዎ።»

«ወንድም የለሽም?»

«የለኝም።»

ድሬሰሩ ግድግዳውን ግድግዳውን እያየ «እንግዲህ ወደ ቤቱ ውሰጂውና የፈለገውን ስጪው» አለኝ።

የፈለገውን ስጪው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይህ አገር ያውቀዋል፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አውቶቡሱ ቃሊቲን ሲያልፍ አባዬ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ «ምን አለሽ?» አለኝ።

«የፈለግኸውን ብላ፣ ጠጣ ብሎሃል።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ ትንሽ ሲያይ ቆየና ፈገግ አለ። «እንግዲያው ቡና» አለ።

ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ ይህ ብቻ ሆነ። ቀዝቃዛ ወተት ይወርድለታል። የቀዘቀዘ አጥሚትም ቀጠን ካለ ይወርዳል። ቡናውን ግን ሞከርኩት። አፍልቼ አቀዘቀዝኩት፤ አተላው ቁስሉን እንደ አሸዋ ፈገፈገው። በነጠላ አጠለልኩት፤ ምሬቱ አቃጠለው። በወተት ደባለቅሁት፤ «ይሄ የሕፃን ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። በመጨረሻ እንዲያው ሲኒውን ይዞ ማሽተት ጀመረ። ጎረቤቶቻችን ሲጠጡ ሲኒውን አፍንጫው ሥር ይዞ ይቀመጥና ሲጨርሱ ባዶ ሲኒ እንደሚመልስ ሰው ሙሉውን ይመልስልኛል። 

በማቅለሚያው ክፍል አንድ ጃፓናዊ የቀለም ባለሙያ ነበር። ስሙ ለአፋችን ስላልተመቸ «ሚስተር ቀስ» እንለዋለን፤ ከአማርኛ መጀመሪያ የለመዳትና ለሁሉ ነገር የሚጠቀምባት ቃል «ቀስ» የምትለዋ ስለነበረች ነው። ብርጭቆ ልናቀብለው ቤቱ የገባን ሴቶች አንድ የሚያስቅ ነገር አይተን ነበር። ከላይ ውሃ የያዘ ረጅም ብርጭቆ፣ ከመሐል ቡና፣ ከታች ማሰሮ የምታህል ጠርሙስ ደርድሯል። ውሃው በጠብታ፣ በጠብታ እየወረደ ቡናውን አልፎ ታች ይጠራቀማል። እሳት የሚባል በአካባቢው የለም። «ሰውዬው ቡናውን ግሉኮስ ተክሎለታል» ብለን ስንስቅ ሰነበትን።

አንድ ቀን ከታች ቧንቧ ያላትን አንዷን ብርጭቆ ሳጥብ ነገሩ ትዝ አለኝና እጄ ላይ ቀረች። ሄጄ ልጠይቀው አፈርኩ። ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ። በመጨረሻ ጉሮሮዬን እያሳየሁ «አባት። ሙቅ፣ አይችልም። ቡና» አልኩት። ያነጋገርኩት በተሰባበረ አማርኛ ነው፤ እንደዚያ ሲሆን የሚገባው መስሎኝ።

ገባው። ብርጭቆዋን ከእጄ ተቀበለና በጨርቅ ጠቅልሎ መልሶ ሰጠኝ። ከዚያ ሁለት መዳፉን ጉንጩ ሥር አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ፤ የተኛ ሰው መሆኑ ነው። በአፍንጫው ቀስ ብሎ ተነፈሰና በጣቱ ጠብታ አሳየኝ። ደግሞ ተነፈሰ፤ ደግሞ ጠብታ። ለአንድ ትንፋሽ አንድ ጠብታ ማለቱ ነው። ልወጣ ስል ጠራኝና ጣቱን እያወዛወዘ «እሳት፣ የለም። ቀስ። ቀስ» አለኝ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከሥራ ስንለቀቅ በሩጫ ቤት ገባሁ። ቡናውን ለዘብ አድርጌ ቆላሁትና ሳይልም፣ እንደ ቂንጬ ሽርክት ሲል ሙቀጫውን ተውኩት። ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ወስጄ ቂጡን በምስማር በሳሳሁ፤ ውስጡን ከፋብሪካችን በወጣ አቡጀዲ አለበስኩና ቡናውን ሞላሁበት። ብርጭቆዋን ከአባዬ አልጋ ፊት ለፊት ካለው ምሰሶ ላይ በሽቦ አሰርኳት፤ ቆርቆሮውን ከእሷ ሥር፣ ጠርሙስ ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር አደረግሁ። ከእንስራው የቀዳሁትን ቀዝቃዛ ውሃ ሞላሁባትና ቧንቧዋን ነካ አደረግሁ። ውሃው ተንዶለዶለ። ዘጋሁ። ደግሞ ነካ አደረግሁ፤ ጭራሽ እምቢ አለ።

አባዬ ትራሱን ተደግፎ ያያል። ወራት ሙሉ እንደዚያ ዓይኑ በርቶ አላየሁትም። ዕድሜውን ሙሉ ቧንቧ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው አይደል፣ እጁን አነሳና በሁለት ጣቱ ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ እያለ አዘዘኝ። ጠብ አለ። ቆየ። ጠብ አለ።

«ምን ያህል ነው የሚባለው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ለአንድ ትንፋሽ አንድ ጠብታ።»

«የማን ትንፋሽ?»

አሰብኩት። «የአንተ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኖ እየተነፈሰ ቧንቧዋን አስተካከልን። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቀ። «ፋብሪካ ተከልሽብኝ እኮ!» አለኝ። «እሳት የሌለው ቦይለር። ይሄ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ እኔ ሥራ ፈት ነበርኩ።»

ያ ከሰዓት የሕይወቴ ደስተኛ ከሰዓት ነው ብል ውሸት አይደለም። እሱ ጠብታውን ያዳምጣል፤ እኔ ልብሱን እጥባለሁ፤ እየወጣሁ እየገባሁ ታች ያስቀመጥኩትን ጠርሙስ አያለሁ። መጀመሪያ ቂጡን ሸፈነ። ከዚያ ጣት ያህል ሆነ። መልኩ ጥቁር ሳይሆን ቀላ ያለ፣ እንደ ጠጅ የጠራ ነበር። አተላ የሚባል የለውም።

ሊመሽ ሲል «አባዬ፣ በማንኪያ ትንሽ ቅመሰው?» አልኩት።

«ሰው ሳይጠራ?»

«ለመቅመስ ብቻ እኮ ነው።»

«እንኳን ታምሜ ሞቼም አላደርገውም» አለ። ከዚያ አየሩን አሸተተና ግንባሩን ቋጠረ። «አየሽው? ሽታ የለውም። ቡና ሲፈላ ሽታው ራሱ ጎረቤት ይጠራ ነበር። ይሄ ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ ሌባ ቡና ነው። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘነበችን ጥሪያት። ዱጉማንም ጥሪው። እኔም እንደ ሰው አብሬያቸው ልጠጣ።»

እኔም አልቀመስኩትም። አባቴ ያልቀመሰውን እኔ አልቀምስም ብዬ ነው።

እሑድ ጠዋት ጠርሙሱ ሞልቶ አገኘሁት። አባዬን ፊቱን አስታጠብኩት፣ ንጹሕ ጋቢ አለበስኩት፣ ሲኒዎቹን አጥቤ ደረደርኩ። ለእንግዳ ቡና በጠርሙስ አይቀርብምና ወደ ጀበናው ገለበጥኩት። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጬ ስጨርስ አባዬ እንደ ሙሽራ ቀና ብሎ ተቀምጦ በሩን ያያል።

እትዬ ዘነበች የጎን ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ ስትሞት ፀጉሬን የሠሩኝ፣ አባዬ ማታ ፈረቃ ሲገባ ቤታቸው ያሳደሩኝ፣ አባዬ ከታመመ ወዲህ ጠዋትና ማታ ደጃፋችንን የማይለቁ ሴት ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። በአጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ጠራኋቸው።

«እትዬ ዘነበች! አባዬ ቡና ጠጡ ይልዎታል!»

«እሱ ሊጠጣ?» አሉ ነጠላቸውን እያጣፉ።

«አዎ፣ እሱም ይጠጣል!»

«እሰይ! የሰማዕቱ ሥራ ነው! ሂጂ፣ መጣሁ።»

የቡናውን ነገር ቆሜ ላስረዳቸው አልቸኮልኩም። ስንሰበሰብ አባዬ ራሱ ስለ ፋብሪካው እያሾፈ ሊነግራቸው ነበር ሐሳቡ። ወደ ጋሽ ዱጉማ ቤት ሮጥኩ። ጋሽ ዱጉማ የአባዬ የቦይለር ክፍል ባልደረባ ናቸው፤ ቤታቸው ከሐዲዱ ማዶ ነው። ስደርስ ላም እያለቡ አገኘኋቸው። ቡናውን ስነግራቸው ወተቱን ለሚስታቸው ሰጥተው «በዚህ ሸሚዝ አልሄድም» ብለው ገቡ። አዲስ ሸሚዝ እስኪለብሱ ጠበቅሁ። ስንወጣ ደግሞ የዕቃ ባቡር ሐዲዱ ላይ መጥቶ ቆመ። ፉርጎው ማለቂያ የለውም። በሥሩ ልሹለክ ስል ጋሽ ዱጉማ ክንዴን ያዙኝ።

«እብድ ነሽ? ምን ያስቸኩልሻል? ቡናው ይቀዘቅዛል ብለሽ ነው?»

ሳቄ መጣ። «እሱ መች ሞቆ ያውቃል» ብዬ ነገሩን በሙሉ ነገርኳቸው። ስለ ብርጭቆዋ፣ ስለ ጠብታው፣ ሙቅ እንደማይነካው። ጋሽ ዱጉማ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «አዬ መኩሪያ! እሳት ጠግቦ ጠግቦ በስተርጅና ከውሃ ታረቀ በይኛ» አሉ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ሁለታችንም እየሳቅን ነበር።

ወደ ቤታችን ስንቃረብ በበራችን ጭስ ሲወጣ አየሁ። ትንሽ ጭስ ናት፤ ከሰል ሲቀጣጠል የምትወጣዋ ዓይነት። እግሬ መሮጥ የጀመረው እኔ ሳላዘው ነው።

እትዬ ዘነበች ምድጃቸውን ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል። ጀበናው ፍሙ ላይ ተቀምጦ በአፉ እየገነፈለ ነው። እሳቸው በጎኑ ተቀምጠው በእንጀራ ሰፌድ ያራግባሉ። አባዬ ሲኒውን በሁለት እጁ ይዟል። ሲኒው ግማሽ ነበር። ሌላው ግማሽ ወርዷል።

እትዬ ዘነበች ቶሎ ብለው ወደ እኔ ዞሩና ጋሽ ዱጉማ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይዞሽ፣ አሙቄልሻለሁ። ሰው ልትጠሪ ብለሽ ቀዝቅዞብሽ ነበር። እንግዳ ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው፤ ለማንም አልናገርም።»

ይታያችኋል? የሸፈኑት የእኔን ገመና ነበር። ቡና አቀዝቅዛ ሰው የጠራች ልጅ ባለሙያ አይደለችም፤ ያንን ስም እንዳላተርፍ ብለው ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ለበሽተኛ ቀዝቃዛ ማቅረብ በእሳቸው ዘንድ ግፍ ነው፤ የሰው ደረት የሚመታው ብርድ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ትኩስ እንደማይወርድለት ያውቃሉ። ግን «ዛሬ ይጠጣል» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተሽሎት መስሏቸዋል።

እሱስ? እሱ ያውቅ ነበር። እጁን አንስቶ «ተዪው» ማለት ይችል ነበር። ሲኒውን ተቀብሎ እንደ ሌላው ጊዜ አሽትቶ ማስቀመጥ ይችል ነበር። ግን ጠርቷቸው መጥተው፣ ከሰላቸውን አቀጣጥለው፣ በገዛ እጃቸው ቀድተው «ይጠጡልኝ፣ ጋሽ መኩሪያ» ብለዋል። አባቴ በሕይወቱ የጎረቤት እጅ መልሶ አያውቅም።

«እንዴት እንደጠጣ ብታዪ!» አሉ እትዬ ዘነበች ዓይናቸው በደስታ እንባ ሞልቶ። «ጋሽ መኩሪያ፣ ያምጡ፣ ልድገምልዎ!»

«አይሆንም!» ብዬ ጮህኩ። ሲኒውን ከእጁ ነጠቅሁ። ትኩስ ቡናው ጋቢው ላይ ፈሰሰ። በዕድሜዬ በታላቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ ዘነበች ደነገጡ። አባዬ ግን በእንባ በተሞላ ዓይኑ ተቆጣኝ። ድምፅ አልወጣውም፤ ከንፈሩን ግን አነበብኩት። «ነውር ነው፣ ልጄ» ነው ያለኝ። የነገረኝ የመጨረሻው ነገር እሱ ነው።

ከዚያ ሳሉ መጣ። ጋሽ ዱጉማ ደግፈው ያዙት። ሳለ፣ ሳለ፣ ነጠላዬን አፉ ላይ ስይዝለት ደም ሆነ። እትዬ ዘነበች ደረታቸውን እየደቁ «በሽታው ተነሳበት! ምን ዓይን አየው?» ይላሉ። ሳሉ ሲቆም ውሃ በማንኪያ ሰጠሁት፤ ተመለሰ። ቀዝቃዛ ወተት ሰጠሁት፤ እሱም ተመለሰ። ጉሮሮው ጨርሶ ተዘጋ።

ጋሽ ዱጉማ ምድጃውን አዩ፣ ምሰሶው ላይ የተሰቀለችውን ብርጭቆ አዩ፣ እኔን አዩ። አዲሱን ሸሚዛቸውን ደም ነክቶታል። 

ሰው ተስፋ ሲያጣ ሞኝ ይሆናል። ሰዎቹ ሲወጡ የቀረችውን ቡና ቆላሁ። እብጠቱ እስከ ነገ ጎደል ቢልለትስ ብዬ ነው። ቆርቆሮውን እንደገና ሞላሁ፣ ውሃውን ሞላሁ፣ ጠብታውን ከትንፋሹ ጋር ላስተካክል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ትንፋሹ ግን አልያዝ አለኝ። አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይጠፋል። ቧንቧዋን ስዘጋ ይተነፍሳል፤ ስከፍት ይቆማል። በመጨረሻ እጄን ከቧንቧዋ አነሳሁና በራሷ እንድትሄድ ተውኳት። አባዬ ዓይኑን ከጠብታው ላይ አልነቀለም። እየጠበቀ ነበር። ከሁሉም የሚያመኝ ይኼ ነው፤ እየጠበቀ ነበር።

ሰኞ የፋብሪካው የጠዋት ጡሩምባ ሲነፋ እሱም አንድ ትንፋሽ አስወጣና ሌላ አላስገባም። ጠብታውን አየሁት። ጠብ አለ። ሌላው ትንፋሽ እስኪመጣ ጠበቅሁ። ደግሞ ጠብ አለ። መጮህ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት። ከዚያ ጠርሙሱን ከድኜ አልጋው ሥር ከእንስራው ጎን አስቀመጥኩና ጮህኩ።

ድንኳን ተተከለ። ፋብሪካው ሠራተኛ ላከ። ሚስተር ቀስም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ድንኳኑ ጥግ ቆሞ አየሁት። እትዬ ዘነበች ከእኔ ጎን አልተነሱም። ለገባው ለወጣው ሁሉ ሲናገሩ የምሰማው አንድ ነገር ነው። «የመጨረሻ ቡናውን ከእጄ ነው የጠጣው! እንደ ጤነኛ ሰው ጠጣ! አምሮት ቀርቶበት አልሄደም።» ሴቶቹም «ታድለሽ፣ ዘነበች፤ ጽድቅ ነው» ይሏቸዋል።

አፌን ከፈትኩ። አባብጦ የተጨፈነ ዓይናቸውን፣ ፍሙን ሲያያይዙ ጫፉ የተቃጠለ ጣታቸውን አየሁ። አፌን ዘጋሁ። ጋሽ ዱጉማ ከወንዶቹ መሐል አቀርቅረው መሬት ይጭራሉ። እሳቸውም እስኪሞቱ አልተናገሩም። እትዬ ዘነበች ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረው አረፉ። ቤታቸው ስሄድ በየቀኑ ትኩስ ቡና ይቀዱልኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አይሆንም ያላልኩት ለእሳቸው ብቻ ነው።

እንግዲህ ለምን እንደዚህ ሆንሽ ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ ይኸው። ይሉኝታ ያማረ ልብስ ነው፤ አባቴን ግን የከፈነው እሱ ነው። እናንተም በሽተኛ ቤት ስትገቡ ቀዝቅዞ ያገኛችሁትን ከማሞቃችሁ በፊት ጠይቁ። ደግሞ በሽተኛ ስትሆኑ፣ መቼም ሁላችንም እንሆናለን፣ የማይወርድላችሁን «አልፈልግም» በሉ። የሚቀየማችሁ ሰው ይቀየማችሁ። ይህን ስል አንድም ሰው ይሰማኛል ብዬ አይደለም። የገዛ ልጄ እንኳ አማቶቿ ቤት የማይስማማትን ሁሉ እየጎረሰች ቤቷ መጥታ ታማ ትተኛለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። በእነዚያ የለቅሶ ቀናት መጽናኛ የሆነችኝ አንዲት ሐሳብ ነበረች። «ደግሞስ የጃፓኑ ቡና ይወርድለት ነበር ያለ ማነው? ያም መራራ ይሆን ነበር፣ ያም ያቃጥለው ነበር፤ ያው ነው» እል ነበር ለራሴ። በዚህች እንቅልፍ ይወስደኛል።

ከሠልስቱ በኋላ ሰው በተን አለ። ድንኳኑ ተነቀለ፤ እትዬ ዘነበችም ዕቃ ሊመልሱ ወጡ። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ጠርሙሱን ከአልጋው ሥር አወጣሁት። በአባዬ ሲኒ ቀዳሁት፤ እሱ ይቀመጥበት በነበረው ትራስ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ቤት ውስጥ ጎረቤት ሳይጠራ ቡና ሲጠጣ ያ የመጀመሪያው ነው። በውጭ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ማንንም አልጠራሁም።

አልመረረም። አተላም የለውም። ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር፤ ጉሮሮዬ እንኳ ሳያውቀው ወረደ።